ዶሮ ታቅፌ የመሰከርኩ ዕለት

«ልብሽ ከእኔ ልብ ይሻላል። በይ ተነሺ፣ ልብስሽን ልበሺና ሂጂ አጥኚ።»

እንዲህ ያለኝ መናኸሪያው አጠገብ በነበረች አንዲት ትንሽ ክሊኒክ ውስጥ የሚሠራ ጤና መኮንን ነው። ደረቴ ላይ የለጣጠፋቸውን ገመዶች አንድ በአንድ እየነቀለ፣ ፊቴን እንኳ ሳያይ ነው የተናገረው። ከማሽኑ የወጣችውን ረጅም ወረቀት ቀደደና ለእናቴ ሰጣት። ወረቀቷ ላይ የእኔ ልብ ሽቅብ ቁልቁል እያለ ተስሏል። እናቴ በሁለት እጇ ተቀብላ ሳመቻት። እኔ ደግሞ እፎይ ትላለች ስባል አልጋው ጫፍ ላይ ቁጭ ብዬ ማልቀስ ጀመርኩ።

ለምን እንዳለቀስኩ እንዲገባችሁ ያን ጊዜ ማን እንደነበርኩ ልንገራችሁ።

ስሜ አስቴር ይባላል። ወላይታ ሶዶ ተወልጄ እዚያው ያደግሁ፣ ያኔ ዐሥራ ስድስት ዓመቴ፣ የአሥረኛ ክፍል ተማሪ ነበርኩ። አፌ አያርፍም፣ እግሬም አያርፍም። መምህር ሲሳሳት እጄን ሳላወጣ «ተሳስተዋል» የምል ልጅ ነበርኩ። ጎረቤቶቻችን «ይቺ ልጅ ወይ ዳኛ ትሆናለች ወይ ትታሰራለች» ይሉ ነበር። እናቴ ቅቤ ነጋዴ ናት። ከገጠር የመጣ ቅቤ ሲቀርብላት በጣቷ ነካ ታደርገዋለች፤ ያቺ ጣት ውሃ የገባበትን ከንጹሑ ስትለይ ተሳስታ አታውቅም። አባቴ ግብርና ጽሕፈት ቤት የሚሠራ ዝምተኛ ሰው ነው። ቤታችን ውስጥ የምንነጋገረው በወላይትኛ ነው፤ እዚህ ግን ሁላችሁም እንድትሰሙኝ በአማርኛ እጽፈዋለሁ።

ነገሩ የጀመረው በፕላዝማ ነው። በዚያ ዘመን የተማራችሁ ታውቁታላችሁ። ክፍሉ ፊት ለፊት በብረት ሳጥን የተቆለፈ ትልቅ ቴሌቪዥን አለ። ደወል ሲደወል ይከፈትና አንድ የማናውቀው ሰው በእንግሊዝኛ እየተንደቀደቀ ሒሳብ ያስተምረናል። አልገባኝም ብትሉት አይሰማም፣ ቀስ በል ብትሉት አይሰማም። በሕይወቴ መልስ ልሰጠው ያልቻልኩ መምህር እሱ ብቻ ነው። ጥያቄ ያወጣና «ሁለት ደቂቃ አላችሁ» ይላል። ከዚያ ጥግ ላይ ሰዓት ብቅ ይልና ወደ ኋላ መቁጠር ይጀምራል።

አንድ ቀን፣ ጥር ውስጥ፣ ያ ሰዓት መቁጠር ሲጀምር ልቤም አብሮት ተነሣ። ሲመታ ጆሮዬ ውስጥ ይሰማኛል። እጄ ደነዘዘ፣ ጉሮሮዬ ተዘጋ፣ ግድግዳው ራቀኝ። እዚህ ወንበር ላይ ቁጭ እንዳልኩ ልሞት ነው ብዬ ደብተሬን ጥዬ ሮጥኩ። አጥሩ ሥር ሣር ላይ ስቀመጥ ቀስ በቀስ ተወኝ። በሳምንቱ እንደገና መጣ። ከዚያ በሳምንት ሁለት ጊዜ፣ ከዚያ ገና ደወሉን ስሰማ። መጋቢት ሲገባ ከሒሳብ ክፍል ይልቅ አጥር ሥር የማሳልፈው ጊዜ ይበልጥ ነበር። ብሔራዊ ፈተናው ግንቦት ላይ ነው። በዚህ አካሄድ የፈተናው አዳራሽ ውስጥ እስከ መጨረሻው ልቀመጥ ቀርቶ ልገባም አልችልም።

በመጨረሻ ለእናቴ ነገርኳት። ጆሮዋን ደረቴ ላይ ለጠፈችና «ታ ጦሳው!» አለች፤ አምላኬ ማለቷ ነው። እናቴ ታናሽ እህት ነበረቻት። ገና በወጣትነቷ በልብ ሕመም ሞታለች። መልኬ ቁርጥ እሷን ነው ይላሉ። ስለዚህ እናቴ ሌላ ነገር ለማሰብ ጊዜ አላጠፋችም። ልብ ነው አለች፣ አለቀ። የቤተ ክርስቲያናችን ሴቶች ሦስት ቀን ጾመው ጸለዩልኝ። እኔም የምሬን ጸለይኩ። በአራተኛው ቀን፣ ሐሙስ፣ ያቺ ክሊኒክ ሄድንና መጀመሪያ ላይ የነገርኳችሁን ተባልኩ።

አሁን የእናቴን ስሌት ተመልከቱ። ልጇ የልብ በሽተኛ ናት፤ ይህን የወሰነችው ራሷ ናት። ሦስት ቀን ተጸለየ። በአራተኛው ቀን በማሽን ሲታይ ልቧ ንጹሕ ነው። ታዲያ ይህ ተአምር ካልሆነ ምን ሊሆን ነው? ከክሊኒኩ በር ሳንወጣ ክንዴን ያዝ አድርጋ «እሑድ ትመሰክሪያለሽ» አለችኝ።

ያለቀስኩት ለዚህ ነው እንዳልላችሁ፣ ማልቀስ የጀመርኩት ከዚያ በፊት ነው። ልቤ ታሞ ቢሆን ቢያንስ ስም ይኖረው ነበር። ልቤ ደህና ከሆነ ያ አጥር ሥር የሚያንቀጠቅጠኝ ነገር ምንድን ነው? አብጄ ይሆን? ደግሞ «ድናለች» ከተባልኩ በኋላ እንደገና ቢመጣብኝ ለማን እናገራለሁ?

ዓርብ ዕለት ግን ማን ያውቃል፣ ምናልባት እውነትም ድኜ ይሆናል ብዬ ክፍል ገባሁ። አጠገቤ የምትቀመጠው ሰናይት ገና ስታየኝ አቀፈችኝ።

«ድነሻል አሉ!»

«ማን አለ?»

«እናትሽ ለእናቴ፣ እናቴ ለሰፈሩ።»

የፕላዝማው ሰውዬ ጥያቄውን አወጣ። ሰዓቷ ብቅ አለች። ግማሹን እንኳ ሳትቆጥር እግሬ ወደ በሩ ነበር። ሰናይት ከኋላዬ «እንዴ! ድነሽ አልነበር?» ስትል እየሰማኋት ወጣሁ።

ቅዳሜ እናቴ ከገበያ አንድ ቀይ አውራ ዶሮ ገዝታ መጣች። በእኛ ቤተ ክርስቲያን ጌታ አንድ ነገር ያደረገለት ሰው ባዶ እጁን አይመሰክርም። እንቁላል የሚያመጣ አለ፣ የሙዝ ዘለላ ተሸክሞ የሚመጣ አለ። የእናቴ ስእለት ዶሮ ነበር። ቅቤ በምትመርጥበት ጣቷ ደረቱን ስትጫን፣ ክንፉን ገልጣ ስታይ እንደነበር ሳስብ አሁንም ያስቀኛል። ምክንያቱም ያ ዶሮ በገባበት ቀን የሰፈሩን ዶሮዎች በሙሉ ሰላም የነሣ፣ ደረቱን የነፋ ጉረኛ ነበር።

«እማ» አልኳት እግሩን ስታስር። «ትናንት እንደገና መጣብኝ።»

«ምን መጣብሽ?»

«ያው ነገር። ልቤ።»

«ልብሽ ንጹሕ ነው። ወረቀት አለሽ።»

«ወረቀቱን ትቼ ነው የምነግርሽ።»

«ጠላት ነው፤ ሊያስጠራጥርሽ ነው። እስከ ነገ ድረስ እሱን አትስሚው።»

ቀና ብላ አየችኝ። ያየችው ግን እኔን አይደለም፤ እህቷን ነው። ለመምህር ያልተዘጋ አፍ ለአንድ የቅቤ ነጋዴ ዓይን ተዘጋ።

አባቴ በረንዳው ላይ ለነገ ጫማውን እየቦረሸ ነበር። አጠገቡ ተቀመጥኩ።

«አባ፣ ያልሆነን ነገር ሆኗል ብሎ ሰው ፊት መናገር ምን ይባላል?»

«ሪፖርት» አለ። «እኛ መሥሪያ ቤት በየሩብ ዓመቱ እናቀርባለን።»

«እየቀለድኩ አይደለም።»

ብሩሹን አስቀመጠ። «ያልሆነው ምንድን ነው?»

«መዳኔ።»

ከዚያ አንዱን ጫማ አነሣና የተቦረሸውን እንደገና ቦረሸው። «እኔ ለእናትሽ እንዲህ ያለ ነገር አልነግራትም። አልችልም» አለኝ። «እኔ ሰው ፊት ቆሜ መናገር የማልችል ሰው ነኝ። አንቺ ግን ያሰብሽውን ትናገሪያለሽ። ከእኔ አልወረስሽውም።»

እርዳኝ ብዬው የሰጠኝ እርዳታ ይህ ነበር። ተናድጄ ተኛሁ።

እሑድ ቤተ ክርስቲያኑ ሞልቶ በመስኮት በኩል የቆሙ ነበሩ። ከበሩ ባሻገር ዳሞታ ተራራ ደመናውን ተከናንቦ ይታያል። ከእኔ በፊት ከሁምቦ የመጡ አንድ አዛውንት ዝናብ ስለመዝነቡ መሰከሩ፤ ቆላ ነውና እልልታው ቤቱን አናወጠው። ከዚያ ፕሮግራም መሪው ጋሽ ጳውሎስ፣ ከሽማግሌዎቹ አንዱ፣ ስሜን ጠሩ። እናቴ አዲሱን ነጠላዋን ለብሳ፣ ዶሮውን ብብቷ ሥር ሸጉጣ አብራኝ ወጣች። ወረቀቷን እኔ ይዣለሁ።

«ወገኖቼ፣ ሰላም ለእናንተ ይሁን።»

«አሜን!»

«እኔ ልቤን ታምሜ ነበር።»

ገና «ነበር» ስል እልልታው ቀለጠ። እናቴ ዓይኗን ጨፍናለች፤ ከንፈሯ ይንቀሳቀሳል። የቀረኝ አንድ ቃል ነው። «አሁን ድኛለሁ» ብዬ ወረቀቷን ከፍ ባደርግ ሁላችንም ወደ ቤታችን እንሄዳለን፤ እኔም ከሰኞ ጀምሮ ታምሜያለሁ የማለት መብት የለኝም። እዚያው ላይ መጣ። ፊቴ ያለው ሰው ሁሉ ሁለት ደቂቃ ሰጥቶኝ የሚቆጥር መሰለኝ። እጄ ደነዘዘ። በሩ እዚያ ማዶ ነው፤ በእኔና በሩ መካከል መላው ቤተ ክርስቲያን ተቀምጧል። የምሮጥበት አጥር የለም።

«አልዳንኩም» አልኩ።

ማይኩ የማይሠራበት እሑድ ስንት ነበር። ያን ቀን ግን ጥርት አድርጎ አስተላለፈው፤ ውጭ በተሰቀለው ድምፅ ማጉያ መንገድ ላይ የቆሙ ባጃጆች ጋ ሳይቀር ተሰማ።

«ልቤ ምንም የለውም ብለዋል። ወረቀቷም እውነቷን ነው። ጸልያችሁልኛል፣ አመሰግናለሁ። ግን አሁን፣ እዚሁ ፊታችሁ ቆሜ፣ እየሞትኩ ነው። ዓርብም እየሞትኩ ነበር። ምን እንደሆነ አላውቅም። የሚያውቅ ሰው ካለ ይንገረኝ።»

ከመሃል አንድ ሰውዬ «የእምነት ማነስ ነው!» አለ። እናቴ ዶሮውን ጭምቅ አድርጋ ይዛ እንደቆመች ቀረች። ከዚያ ከሦስተኛው ረድፍ ሲስተር ዘነበች ተነሣች።

ሲስተር ዘነበችን ሁሉም ያውቃታል። ቤተ ክርስቲያን ውስጥ ሰው ሁሉ አቅፎ ይስማታል። ሆስፒታሉ በር ላይ ሲያያት ግን መንገድ ይሻገራል። የምትሠራው ኮሪደሩ መጨረሻ ላይ ያለው የአእምሮ ሕክምና ክፍል ነውና፣ እዚያ ቆሞ ከእሷ ጋር የተነጋገረ ሰው ቤት «ማን አብዶባቸው ነው?» መባሉ አይቀርም። እኔም ስንት ጊዜ ተሻግሬያለሁ።

ወደ እናቴ ሄደች። «ታደለች፣ ዶሮውን ስጪኝ።» እናቴ ሰጠቻት። ሲስተር ደግሞ ለእኔ አቀበለችኝ።

«ያዢው።»

«ሲስተር፣ እየሞትኩ ነው።»

«እሺ። እስክትሞቺ ድረስ ዶሮውን ያዢልኝ።»

ያዝኩት። ወረቀቷ ከእጄ ወደቀች።

«እጅሽን ክንፉ ሥር አስገቢ። ምን ይሰማሻል?»

ክንፉ ሥር ይሞቃል። ሙቀቱ ውስጥ አንድ ነገር እንደ ልብስ ስፌት መኪና ትርርር ይላል። ያ ሰፈር ያስጨነቀ ጉረኛ!

«ልቡ» አልኩ።

«ከአንቺ ልብና ከእሱ የቱ ይፈጥናል?»

«የእሱ። በጣም።»

«ታዲያ የልብ በሽተኛ ነዋ! ነገ ክሊኒክ እንውሰደው?»

አንድ ሰው ሳቅ አመለጠው። ማይኩ አሁንም አፌ ሥር ነው፤ የምንለው ሁሉ ይሰማል።

«አይ... ፈርቶ ነው» አልኩ።

«ምን አስፈራው?»

«ሰው በዛበት። ደግሞ ከዚህ ወዴት እንደሚሄድ የጠረጠረ ይመስለኛል።»

አሁን ብዙ ሰው ሳቀ። ሲስተር ዘነበች አልሳቀችም። «ልቡ ደህና ነው» አለች። «ጤነኛ ስለሆነ ነው የሚሮጠው፤ ፈርቷላ። የአንቺም ልብ ደህና ነው። ፍርሃትሽ ነው እርዳታ የሚፈልገው። በይ አሁን አረጋጊው። እንዳይደነግጥብሽ ቀስ ብለሽ ተንፍሺ፤ ስታስወጪ አርዝሚው።»

ተነፈስኩ። ዶሮው አንገቱን አዙሮ በአንድ ዓይኑ አየኝ። እንደገና ተነፈስኩ፤ ማይኩ ትንፋሼን እንደ ንፋስ ያወጣዋል። ከፊት የተቀመጡት ሴቶች አብረውኝ ሲተነፍሱ አየሁ። ቀጥሎ መዘምራኑ። ስንት ጊዜ እንደተነፈስን አላውቅም፤ ክንፉ ሥር ያለው መኪና ሲዘገይ ግን በእጄ ተሰማኝ፣ የእኔም አብሮት ሲወርድ። ልክ ያን ጊዜ ዶሮው አንገቱን ወደ ማይኩ ዘርግቶ «ቋቅ!» አለ። ቤቱ በሳቅ ተናጋ። የሁምቦው አዛውንት «ሃሌ ሉያ!» አሉ።

ጋሽ ጳውሎስ ማይኩን ወሰዱ። የሚቆጡ መስሎኝ ነበር። «ምስክርነት ማለት የሆነውን መናገር ነው» አሉ። «ይህች ልጅ የሆነውን ነግራናለች፤ መስክራለች።» ከዚያ ወደ እናቴ ዞረው «ዶሮውን ይዘሽው ተመለሽ፤ ጊዜው ሲደርስ ታመጪዋለሽ» አሏትና መዘምራኑን አስነሡ።

ቤት ስንደርስ እናቴ ዶሮውን ጓሮ አሰረችው። ምሳ አቀረበች። የተቀቀለውን ቦይና፣ ጎደሬውን ማለቴ ነው፣ ስትልጥ ቢላዋዋ ከልጣጩ ጋር የሚበላውንም ይዞ ይሄድ ነበር፤ እናቴ ደግሞ ምንም ነገር አታባክንም።

«አሳፈርሽኝ» አለች በመጨረሻ።

«አውቃለሁ።»

ቢላዋዋን አስቀመጠች። «እህቴ ውሃ ስትቀዳ መንገድ ላይ ታርፍ ነበር። 'ምን ሆንሽ?' ስንላት 'ደህና ነኝ' ትለናለች። ደረቷን ይዛ ደህና ነኝ። ተኝታ ደህና ነኝ። እስከ መጨረሻው ቀን ደህና ነኝ አለችን።» እጇን ቀሚሷ ላይ ጠረገች። «አንቺ ደህና አይደለሁም አልሽ። ሺህ ሰው ፊት።»

«አምስት መቶም አይሞላም፣ እማ።»

«ዝም በይ!» አለችና ሳቀች፤ አለቀሰችም። የቱ እንደቀደመ አላስታውስም። አባቴ ቀና ሳይል ቦይናውን ይበላ ነበር፤ ጆሮው ግን ቀልቷል።

ሰኞ ሆስፒታል የወሰደኝ እሱ ነው። ከሥራ ፈቃድ ጠየቀ፤ ባርኔጣ አደረገ፤ ፀሐይ በማይገባበት ኮሪደር ውስጥ ጥቁር መነጽር አድርጎ አግዳሚው ላይ ተቀመጠ።

«አባ፣ እንደዚህ ስትሆን የበለጠ ታስታውቃለህ።»

«ዝም ብለሽ ተቀመጪ።»

የሲስተር ዘነበች ክፍል የሚያስፈራ ነገር አልነበረበትም። ጠረጴዛ፣ ሦስት ወንበር፣ ወደ ዳሞታ የሚያይ መስኮት። መቼ እንደጀመረኝ፣ ከመምጣቱ በፊት ምን እንደማስብ፣ እንቅልፌን፣ ምግቤን፣ ሁሉን ጠየቀችኝ። እንደዚያ ተከታትሎ የጠየቀኝ ሰው አልነበረም። ከዚያ «ይህ የጭንቀት ሕመም ነው» አለችኝ።

«እኔ ጭንቀታም አይደለሁም። እኔ ደፋር ነኝ።»

«ድፍረትሽንማ ትናንት ከነድምፅ ማጉያው ሰማነው። ጭንቀት ዓይናፋር ብቻ የሚይዝ መስሎሽ ነው?» ወረቀት አወጣችና ተራራ ሣለች። «ሲመጣብሽ እየጨመረ፣ እየጨመረ ሰማይ የሚደርስ ይመስልሻል አይደል? ዳሞታ እንኳ ጫፍ አለው። አንቺ ግን ጫፉን አይተሽው አታውቂም። ሁሌ ግማሽ መንገድ ላይ ሮጠሽ ትመለሻለሽ። ስትሮጪ ይተውሻል፤ ስለዚህ ጭንቅላትሽ 'መሮጧ ነው ያዳናት' ብሎ ይይዝና በሚቀጥለው ቀን ቀደም ብሎ ያስሮጥሻል።»

«ታዲያ ምን ላድርግ?»

«በር አጠገብ ተቀመጪ። ሲመጣ ዶሮውን እንዳረጋጋሽው ተንፍሺ። አትሩጪ። አንድ ጊዜ ቁልቁለቱን እዪው።»

«መድኃኒት አይሰጡኝም?»

«አሁን አላስፈለገሽም። ሲያስፈልግ እሰጣለሁ፤ የሚወስዱም ብዙ አሉ፤ ነውር የለውም። አንቺ ግን በየሰኞው ትመጫለሽ።»

ልንወጣ ስንል አባቴ መነጽሩን አወለቀ። «ሲስተር፣ አንድ ጥያቄ ነበረኝ። ስለ አንድ የሥራ ባልደረባዬ ነው።»

«እሺ?»

«ግምገማ ሲደርስ ሆዱን ያመዋል። ስብሰባው ላይ ስሙ ሲጠራ እጁ ይደነዝዛል። አንድ ጊዜ ሽንት ቤት ተደብቆ ነው የዋለው።»

«ከጀመረው ስንት ጊዜ ሆነው?»

«ከተቀጠርኩ... ከተቀጠረ ጀምሮ።»

ሲስተር ዘነበች ፊቷን ጠረጴዛው ላይ ወዳለው መዝገብ መለሰች። «ባልደረባዎ ሐሙስ ይምጣ» አለች። «መንገዱ ከጠፋው ልጁ ታሳየዋለች።»

ማክሰኞ በር አጠገብ ተቀመጥኩ። ለሰናይት ነግሬያታለሁ፤ «ልወጣ ስል እንዳትይዢኝ፣ ግን እንዳትስቂም» ብያታለሁ። ሰዓቷ ብቅ አለች። መጣ። እጄን ብብቴ ሥር ከተትኩና ዶሮ እንዳቀፈ ሰው ተነፈስኩ። ጨመረ። ጨመረ። አሁንስ አበቃልኝ ያልኩበት ላይ ደረሰ፤ እዚያ ቆመ። ከዚያ ደግሞ መውረድ ጀመረ። እኔ ምንም ሳላደርገው፣ ወንበሬ ላይ እንደተቀመጥኩ፣ በራሱ ወረደ! የፕላዝማው ሰውዬ መልሱን ሲናገር ጮኼ ልስቅ ነበር።

«አገኘሽው?» አለች ሰናይት።

«አዎ! ቁልቁለቱን አገኘሁት!»

«የጥያቄውን መልስ ነው የምልሽ።»

«የትኛው ጥያቄ?»

ከዚያ በኋላ ሁሉም ነገር ቀና አልላችሁም። ሁለት ጊዜ እንደገና ሮጬ ወጥቻለሁ። አንድ ሰኞ ሲስተር ዘነበች ላይ ጮኼባታለሁ። ሰፈር ውስጥ «ያቺ ክፍል ትሄዳለች» ተብሏል፤ አዎ እሄዳለሁ፣ ሰኞ ነው፣ ከፈለጋችሁ አብረን እንሂድ እያልኩ አፋቸውን አስዘጋሁ። አባቴም «ባልደረባውን» ይዞ ሐሙስ ሐሙስ ይሄድ ጀመር። በቀጣዩ ግምገማ ሆዱን እንዳላመመው አልነገረንም፤ ሽንት ቤት እንዳልተደበቀ ግን ነግሮናል።

ይህን የምታነብቡ ልጆች ካላችሁ አንድ ነገር ስሙኝ። ተመርምራችሁ ደህና ናችሁ ከተባላችሁ፣ እናንተ ግን ደህና ካልሆናችሁ፣ ማሽኑም አልዋሸም፣ እናንተም አልዋሻችሁም። ሁለቱም እውነት ሊሆን ይችላል። እኔ ይህን የሚነግረኝ ሰው አጥቼ ሦስት ወር አጥር ሥር ከረምኩ። ወላጆች ደግሞ፣ ልጃችሁ «ደህና ነኝ» ስትላችሁ ብቻ ደስ አይበላችሁ። መንገድ የምትሻገሩትም ተመለሱ፤ የምትሸሿት ሴት አትነክስም።

«ታዲያ ጸሎቱ አልሠራም ማለት ነው?» የሚሉኝ አሉ። እኔ የማውቀው ያን እሑድ ሲስተር ዘነበች ሦስተኛው ረድፍ ላይ እንደነበረች ነው። የቀረውን እናንተ ሙሉት።

ዶሮው አልታረደም። የተሳለ ነው ብላ እናቴ ማንም እንዳይነካው አደረገች። «መስካሪው» የሚል ስም ወጣለት፤ ጉራው በእጥፍ ጨመረ።

የፈተናው ዕለት ጠዋት እናቴ ጓሮ ሆና ለመስካሪው በቆሎ ትበትን ነበር። አባቴ ጫማዬን ቦርሾ በሩ ላይ አስቀምጦልኛል።

«ልብሽ እንዴት ነው?» አለችኝ እናቴ።

«ይመታል።»

«በጣም?»

«እንደ እሱ» ብዬ መስካሪውን አሳየኋት።

የበቆሎውን ሳሕን አስቀመጠችና ቀረበችኝ። ቅቤ የምትፈትንባትን ጣቷን ደረቴ ላይ አድርጋ፣ ዓይኗን ጨፍና ትንሽ ቆየች።

«ንጹሕ ነው» አለች። «ሂጂ በይ፣ እንዳይረፍድብሽ።»

መግቢያ ካርዴን፣ ሁለት እርሳስና ላጲሴን ይዤ ወጣሁ።